ለሁለት ዶሮ የተላከ ሽምግልና

ብሬመን፣ ጀርመን
ጥቅምት 14 ቀን 2017 ዓ.ም.

ይድረስ ለማከብርዎትና ለምወድዎት አክስቴ ለእትዬ ዙልፋ፣ ሸዋ ሮቢት

አሰላሙ ዓለይኩም ወረሕመቱላሂ ወበረካቱህ። የሮቢት ሙቀት እንዴት ይዞዎታል? ጉልበትዎስ ተሻለው? እናቴ ከሞተች ወዲህ እናት የሆኑኝ እርስዎ ነዎትና አላህ ዕድሜዎን ያርዝምልኝ፤ ዱዓዎ አይለየኝ።

እኔ አልሐምዱሊላህ በጣም ደህና ነኝ። ደስ የሚያሰኝ ወሬም አለኝ። እንደሚያውቁት እዚህ ከመጣሁ ጀምሮ የዕቃ ማድረሻ መኪና ነበር የምነዳው። አሁን አለቃዬ ሥራዬን አይቶ ወደ ውስጥ አስገብቶኛል። መጋዘን ውስጥ ነው የምውለው፤ ዝናብ የለ፣ በረዶ የለ። ብዙ ሰው የሚመኘው ቦታ ነው።

አንዲት ነገር ላስቸግርዎ። ከአባቴ መሬት፣ ከሮቢ ወንዝ ዳሯ፣ ዘንድሮ የሚደርሰኝን የማሾ ድርሻ ሸጠው ገንዘቡን ወደዚህ ለሚመለስ ሰው ቢሰጡልኝ። ለወረቀት ጉዳይ ትንሽ ወጪ ገጥሞኝ ነው። የሚያሳስብ ነገር የለውም። ጎረቤቶቹን ሁሉ፣ በተለይ ጋሼ ሳልህን፣ ሰላም ይበሉልኝ።

ልጅዎ ሱፍዋን


ሸዋ ሮቢት
ኅዳር 20 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለልጄ ለሱፍዋን

ወዓለይኩሙ ሰላም ወረሕመቱላሂ ወበረካቱህ። አላህ ከክፉ ነገር ይጋርድህ፤ ከሰው ዓይን፣ ከመንገድ፣ ከራስህም ጭምር።

ደብዳቤህን የእህል መጋዘኔ በር ላይ ተቀምጬ አነበብኩት። መንገዱ ተዘግቶ ስለሰነበተ ዘግይቶ ነው የደረሰኝ። ጉልበቴ እንደ ፈለገ ነው፤ አንዳንድ ቀን ይታዘዘኛል፣ አንዳንድ ቀን እኔ እታዘዘዋለሁ። ማሾው ዘንድሮ ጥሩ ነው። ያንተም ድርሻ በከረጢት ተሰፍቶ ጥግ ይዟል። ግን አልሸጥኩትም።

እስቲ አንድ ነገር አስረዳኝ። እዚህ ሾፌር ሲያድግ ከባጃጅ ወደ ሚኒባስ፣ ከሚኒባስ ወደ አይሱዙ ነው የሚሄደው። መሪ ተቀብለው ካርቶን ያሸከሙትን ሰው አደገ ብሎ የሚጽፍ ያንተን ብቻ አየሁ። ደግሞስ እዚያ ከሄድክ ጀምሮ ላኪው አንተ፣ ተቀባይዋ እኔ ነበርኩ። ዛሬ ነገሩ ተገላበጠና ከሮቢት ወደ ጀርመን ብር ይላክ ሆነ። ምን ዓይነት ወረቀት ነው ይሄ?

በስልክ ልንገርዎት ትል ይሆናል። በስልክ አንተን አላምንህም። ስትዋሽ ትስቃለህ፤ እኔም ሳልወድ እስቅና ነገሩ እዚያው ይቀራል። ወረቀት ላይ ግን ሳቅህን አልሰማም። ስለዚህ ቁጭ ብለህ ጻፍልኝ።

እኔ ደህና ነኝ ብቻ ሳይሆን ድል ላይ ነኝ። ባለፈው ሁለት የሽንኩርት ነጋዴዎች በሚዛን ተጣልተው አንዱ በአንዱ ላይ ዱላ አንስቶ ነበር። ጋሼ ሳልህ ሽምግልና ተቀመጡ፤ ነገሩ አልፈታ ሲላቸው እኔን አስጠሩኝ። ሁለቱንም የሚዛን ሚስጥራቸውን አውቃለሁና ገና ስገባ ተሽኮረመሙ። አሁን በአንድ መኪና ነው የሚጭኑት። የሰው ነገር ፈትቼ ያንተን መፍታት አቅቶኝ ማደሬ ግን አናዶኛል።

አክስትህ ዙልፋ


ብሬመን
ጥር 9 ቀን 2017 ዓ.ም.

ይድረስ ለተከበሩ አክስቴ ለእትዬ ዙልፋ

የአላህ ሰላምና እዝነት በእርስዎና በቤትዎ ላይ ይሁን። ደብዳቤዎ ከደረሰኝ ሰነበተ። መልስ ልጽፍ ተቀምጬ ደጋግሜ ተነስቻለሁ፤ ስለ መዘግየቴ ይቅር ይበሉኝ።

ይኸው ልናገር። ባለፈው ዓመት መኪና እየነዳሁ ጥፋት አጠፋሁ። ፍጥነት ነው። መንጃ ፈቃዴን ወሰዱት፤ ፍርድ ቤትም የገንዘብ ቅጣት ጣለብኝ። የመንዳቱ ሥራ ቀርቶ መጋዘኑን እስካገኝ ሥራ አጥቼ ስለነበር መክፈል አልቻልኩም። እዚህ የፍርድ ቤት ደብዳቤ በቢጫ ፖስታ ነው የሚመጣው። የመጀመሪያውን ከፈትኩት። ሌሎቹን ቁም ሳጥን ላይ ደረደርኳቸው። እኛ አገር ነገር ሲያድር ይበርዳል፤ ሰው መሀል ይገባል፣ ጊዜ ያልፋል፣ አንዱ ለአንዱ ይተውለታል። እኔም እንደዚያ የሚሆን መስሎኝ ዝም አልኩ።

እዚህ ግን ሲያድር ባሰበት። ቅጣቱ ላይ ወጪ ተጨመረ። ከዚያ የባንክ ሒሳቤን አገዱት፤ ደመወዜ ገብቶ እያየሁት ማውጣት ያልቻልኩበት ወር ነበር። አሁን ደግሞ በገንዘቡ ፈንታ ታስረህ ክፈል ብለው ቀን ቆርጠውልኛል። ቀኑም አልፏል፤ አልሄድኩም። ካገኙኝ ያስሩኛል። ከታሰርኩ ሥራዬ ይሄዳል፤ ሥራዬ ከሄደ መኖሪያ ፈቃዴን የሚያድስልኝ የለም።

የማሾው ብቻ አይበቃም መሰለኝ። መሬቷን ለጥቂት ዓመት በኮንትራት ይስጡልኝ። ይህን ለማንም አይንገሩብኝ፤ በተለይ ለጋሼ ሳልህ።

ልጅዎ ሱፍዋን


ሸዋ ሮቢት
የካቲት 12 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለሱፍዋን

አሰላሙ ዓለይኩም። አላህ ልብህን ያቅናልህ። ረመዷን ሊገባ ነውና ከመግባቱ በፊት ይህን ጉዳይ መስመር እናስይዘው ብዬ ዛሬውኑ ጻፍኩ።

ፍጥነት ነው አልከኝ። አንተ እኮ እዚህ ባጃጅ ስትሠራ ተሳፋሪዎችህ ወርደው በእግራቸው ይቀድሙህ ነበር። የካራቆሬ ሰዎች በአንተ ባጃጅ ከመሳፈር በአህያ መሄድ ይሻላል ብለው ሲቀልዱብህ ሰምቻለሁ። ፍጥነት አይደለም። ጠጥተህ ነው።

ይህን ስጽፍ አልቅሻለሁ። ተናድጃለሁም። የእኔ ቤት ልጅ ሐራም ቀምሶ መሪ ያዘ ብዬ ራሴን ይዤ ተቀመጥኩ። ከዚያ ግን እስከዛሬ ብቻህን ይህን ተሸክመህ መዋልህ ይበልጥ አንገበገበኝ። እኔ ሞቻለሁ እንዴ?

ለጋሼ ሳልህ አይንገሩ ብለሃል። ነግሬያቸዋለሁ። ስምህን አልጠራሁም፤ "አንድ የማውቀው ልጅ" ነው ያልኩት። እሳቸውም "ሱፍዋን ምን ሆነ?" አሉኝ። ከጫፍ እስከ ጫፍ ሰሙና አንድ ጥያቄ ብቻ ጠየቁ፤ "የተበደለው ማነው?"

ደብዳቤህን እንደገና አነበብኩት። ስለ ባንክ ጽፈሃል፣ ስለ ፖስታ ቀለም ጽፈሃል፣ ስለ ተበዳይ አንድ ቃል የለበትም። እንዴት ነው ነገሩ? ሰው ሳይበደል ፍርድ ቤት ከመሬት ተነስቶ ይቀጣል? ለመንግሥት ይከፈላል ብትለኝም አይገባኝም። መንግሥት መኪናህ ፊት ቆሞ ነበር? የተገጨ ሰው፣ የተሰበረ አጥር፣ የደነገጠች አሮጊት የግድ ይኖራል። እሱ ወይ እሷ ሳይታረቁ መንግሥት ቢከፈለው ነገሩ አላለቀም።

ስለዚህ ሽማግሌ ትልካለህ። ሦስት ሰዎች ፈልግ፤ ሽማግሌ በአገርና በሃይማኖት አይመረጥምና ያገኘኸውን፣ ሰው የሚያከብረውን ያዝ። ከበሩ ይቁሙ። ግቡ ሲባሉ ይግቡ፤ ተቀመጡ ሲባሉ ግን ነገራችን ሳይሰማ አንቀመጥም ይበሉ። ውሃም ቢሆን እንዳይቀምሱ። አንተ ከእነሱ ጋር አትገባም። ከደጅ ድንጋይ ተሸክመህ ትቆማለህ፤ አስገቡት እስክትባል አታወርደውም። ስትጠየቅ ያደረግከውን እንዳለ ትናገራለህ። ፍጥነት ነው እንዳትል ብቻ።

ማሾውን አልሸጥም። መሬቷንም ለማንም አልሰጥም። መጀመሪያ ይህን አድርግ፤ ከዚያ ስለ ብሩ እንነጋገራለን።

አክስትህ ዙልፋ


ብሬመን
መጋቢት 4 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለእናቴ ለእትዬ ዙልፋ

ረመዷን ከሪም። ጾማችሁን፣ ዱዓችሁን አላህ ይቀበል። እኔም እየጾምኩ ነው፤ ጾሜን ይዤ ውሸት መጻፍ አልችልም።

እውነትዎን ነው፤ ጠጥቼ ነበር። የሥራ ጓደኛዬ ልጅ ተወልዶለት ቢራ ጋበዘን። አንድ ብዬ ጀመርኩ፤ እዚያ ላይ አልቆምኩም። ወደ ቤት ስመለስ መኪናው ከመንገድ ወጥቶ የአንዲት አሮጊት አጥር ጥሶ የዶሮ ቤታቸው ላይ ወጣ። ሰው አልተጎዳም። ሁለት ዶሮ ሞተ። አጥሩን ኢንሹራንስ ሠራላቸው። እኔ ግን አንድ ቀን እንኳ ሄጄ ፊታቸውን አላየሁም። በዚያ መንገድ ላለማለፍ ብዬ ዙሪያ ጥምጥም እሄዳለሁ። ስማቸው ኤልፍሪደ ይባላል፤ ከፍርድ ቤቱ ወረቀት ላይ ነው ያየሁት።

እዚህ ሽማግሌ የሚባል ነገር የለም፣ ያለው ጠበቃ ነው ብዬ ልጽፍልዎ ነበር። ግን ደብዳቤዎን ለጋሼ ሞገስ አነበብኩላቸው። ጋሼ ሞገስ የደብረ ሲና ሰው ናቸው፤ በደርግ ጊዜ መጥተው የትራም ሠራተኛ ሆነው ጡረታ የወጡ። "እናንተ የቆላ ሰዎች ሙቀቱ አዙሯችኋል" ብለው ሳቁብኝ። ቀጥለው "ካፖርቴን ከልብስ ንጽሕና ቤት ማውጣት አለብኝ" አሉ። መስማማታቸው እንደሆነ የገባኝ ቆይቶ ነው።

ሁለተኛው ሥጋ የምንገዛበት ሱቅ ባለቤት ቱርኩ ሐጂ ናቸው። እሳቸው እኛም አገር እንዲህ ነው ብለው ገና ሳልጨርስ እሺ አሉኝ። ሦስተኛው የመጋዘኑ አለቃዬ ነው፤ ፖላንዳዊ ነው። መታሰሬ እንደማይቀር ነግሬው ሥራዬን እንዲያቆይልኝ ልለምን ነበር የሄድኩት፤ ታሪኩን ሲሰማ እኔም ልምጣ አለ። ከኢድ በኋላ ቅዳሜ እንሄዳለን። እፈራለሁ እትዬ። ዱዓ ያድርጉልኝ።

ልጅዎ ሱፍዋን


ሸዋ ሮቢት
ሚያዝያ 30 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለሱፍዋን

አሰላሙ ዓለይኩም። ኢድ አለፈ፤ ቅዳሜዎችም አለፉ። ወሬህ ጠፋ። ስልክህን ደወልኩ፤ ጀርመንኛ የምትናገር ሴት መለሰችልኝና ተዘጋ።

አጉል ነገር መክሬህ ይሆን እያልኩ ነው የምውለው። ጋሼ ሳልህ "አንቺ ያልሽው ልክ ነው" ይሉኛል፤ እሳቸው ግን እንቅልፍ አላጡም፤ ያጣሁት እኔ ነኝ። ዛሬ ማሾውን አስወጥቼ ሚዛን ላይ አስቀመጥኩት። ነጋዴ ጠርቻለሁ። ታስረህ ከሆነ ጠበቃም ቅጠርበት፣ ቅጣትም ክፈልበት፣ የፈለግከውን አድርግበት። ብቻ አንድ መስመር ጻፍልኝ። ደህና ነኝ ብለህ እንዳትዋሽ፤ አለሁ በለኝ፤ እሱ ይበቃኛል።

አክስትህ


ብሬመን
ግንቦት 18 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለእናቴ፣ ለመካሪዬ፣ ለሽማግሌዎች ሁሉ አለቃ ለእትዬ ዙልፋ

አሰላሙ ዓለይኩም ወረሕመቱላሂ ወበረካቱህ። ማሾውን ሸጠውት ከሆነ ገንዘቡን ለራስዎ ያድርጉት፤ እኔ አያስፈልገኝም። አሸንፈናል። ሁሉንም በተራ ልንገርዎ፤ ሻይዎን ይዘው ይቀመጡ።

ቅዳሜ ዕለት ሄድን። ጋሼ ሞገስ ካፖርታቸውን ለብሰው፣ ሐጂ ኮፍያቸውን አድርገው፣ አለቃዬ ክራቫት አስሮ። እኔ መንገድ ከሚሠራበት ቦታ አንድ ንጣፍ ድንጋይ ለምኜ ትከሻዬ ላይ አድርጌ ከአጥሩ ውጭ ቆምኩ። ድንጋዩ ከበደኝ፤ ትንሽ መምረጥ ነበረብኝ።

ሴትዮዋ በሩን ከፈቱ። ቀጭን፣ ረጅም፣ ነጭ ፀጉር ያላቸው ናቸው። ጋሼ ሞገስ እጅ ነሥተው "ለእርቅ መጥተናል" አሉ። ሴትዮዋም "ሃይማኖት አለኝ፤ አመሰግናለሁ" ብለው ሊዘጉ ሲሉ አለቃዬ "ስለ ዶሮዎችዎ ነው" አላቸው። ያን ጊዜ ግቡ አሉ። ከዚህ በኋላ ያለውን ጋሼ ሞገስ ናቸው የነገሩኝ። ተቀመጡ ተባሉ፤ አንቀመጥም አሉ። ቡና ልስጣችሁ ተባሉ፤ አንጠጣም አሉ። ሴትዮዋ ኬክ ቆርሰው አቀረቡ። ሐጂ ፊታቸውን አዞሩ፣ ጋሼ ሞገስ ጣራውን አዩ፣ አለቃዬ ግን ዓይኑን ከኬኩ ላይ መንቀል አልቻለም። ሴትዮዋ በመጨረሻ ተቆጡ፤ "ሳትቀመጡና ሳትበሉ ሰው ቤት ምን ልታደርጉ መጣችሁ?" አሉ። ጋሼ ሞገስም "ይቅርታዎን ሳንይዝ ከተቀመጥን የመጣንበት ነገር ይበላሻል" ብለው ሁሉንም አስረዷቸው።

እኔ ደጅ ይህ ሁሉ አይሰማኝም። ትከሻዬ ዝሏል። ለካ ማዶ ያለው ጎረቤት በመስኮት እያየኝ ኖሯል። አንድ ጥቁር ሰውዬ ድንጋይ ይዞ የአሮጊት ቤት ፊት ቆሟል ብሎ ፖሊስ ጠራ። መኪናው መጥቶ አጠገቤ ቆመ። ሁለት ሆነው ወረዱና ድንጋዩን አስቀምጥ አሉኝ። እኔም "አልችልም፤ አስገቡት አልተባልኩም" አልኳቸው። እትዬ፣ ያን ጊዜ ያሰብኩት እርስዎን ነው። ካወረድኩት ለእርስዎ ምን ብዬ እጽፋለሁ አልኩ። መታወቂያዬ ኪሴ ውስጥ ነው ብዬ እነሱው እንዲያወጡት አደረግኩ። ስሜን ሬዲዮ ላይ ጠሩት። የእስር ማዘዣ አለብህ አሉኝ። ያልከፈልኩት ቅጣት ነው።

በዚህ መሀል ሴትዮዋ ሽማግሌዎቹን አስከትለው ወጡ። ድንጋዩንም እኔንም አዩ። "አንተ ነህ?" አሉኝ። "አዎ፤ እኔ ነኝ። ቢራ ጠጥቼ ነው የነዳሁት። አጥርዎን ሰበርኩ፣ ዶሮዎችዎን ገደልኩ። መምጣት የነበረብኝ በማግሥቱ ነበር፤ ፈርቼ ቀረሁ። ይቅር ይበሉኝ" አልኳቸው።

ሴትዮዋ አንድ እርምጃ ቀረቡኝ። ከዚያ ለፖሊሶቹ እንዲህ አሏቸው፤ "ከዚያ ቀን በኋላ የኢንሹራንስ ሰው መጣ፤ አጥሩን ለካ። ፖሊስ መጣ፤ ፎቶ አነሳ። ፍርድ ቤት ወረቀት ላከልኝ። ምን እንደተሰማኝ የጠየቀኝ አንድም ሰው አልነበረም። እኔ ለብዙ ሳምንት መኪና በሰማሁ ቁጥር ከአልጋዬ እነሳ ነበር።" ወደ እኔ ዞረው "አስቀምጠው። ይቅር ብዬሃለሁ" አሉኝ። አስቀመጥኩት። ሐጂ እዚያው መንገድ ዳር ቆመው እጃቸውን ዘርግተው ዱዓ አደረጉ። ጋሼ ሞገስም በእሳቸው ሃይማኖት ልማድ አሜን አሉ። አንደኛው ፖሊስ ኮፍያውን አወለቀ፤ ለምን እንዳወለቀ እሱም የገባው አይመስለኝም።

ሆኖም ሕግ ሕግ ነው፤ ወሰዱኝ። ታሰርኩ። ስልኬን ያጡት ለዚህ ነው። ውስጥ ሆኜ ግን አንድ ነገር አስገረመኝ፤ አልፈራሁም። ያ በስንት ወር ያልተወኝ ፍርሃት የዶሮዎቹ ቤት ደጃፍ ላይ ቀርቶ ነበር።

ሰኞ ወይዘሮ ኤልፍሪደ ሦስቱን ሽማግሌዎች ይዘው ዐቃቤ ሕግ ቢሮ ሄዱ። ለካ እዚህ አገር ቅጣቱን መክፈል ያቃተው ሰው በእስሩ ፈንታ ያለ ደመወዝ ለሕዝብ ጥቅም ሠርቶ እንዲጨርስ ሊፈቀድለት ይችላል። ያልከፈትኳቸው ፖስታዎች ውስጥ ተጽፎልኝ ነበር። ችግሩ ተቀብሎ የሚያሠራ ድርጅት ማግኘት ነው። ሴትዮዋ የሰፈሩ የአትክልት ማኅበር ሊቀመንበር ናቸው። "እኔ ጋ ይሠራል" ብለው ፈረሙ። ቢሮው ውስጥ የነበረው ሰው ተበዳይዋ ራሷ ስትፈርም አይቶ ወረቀቱን ደጋግሞ አነበበ አሉ። ጉዳዩ ታይቶ እስኪፈቀድ ድረስ ውስጥ ቆየሁ፤ ከዚያ ለቀቁኝ።

ሥራዬስ ምን ሆነ ብለው ይጨነቁ ይሆናል። አለቃዬ ራሱ ሽማግሌ ሆኖ ቆሞ እንዴት ያባርረኝ? የቀረሁበትን ከዓመት ዕረፍቴ ላይ ቆረጠው። አሁን መጋዘን እውልና ማታና ቅዳሜ ማኅበሩ አትክልት ቦታ እሠራለሁ። እቆፍራለሁ፣ ውሃ አስገባለሁ፣ አረም አርማለሁ። እጄ እንደ ድሮው ሻካራ ሆኗል፤ ደስ ብሎኛል።

መጠጥ ትቻለሁ። ወላሂ ስል ሳቄን ስለማይሰሙ በወረቀት ነው የምምለው።

ልጅዎ ሱፍዋን


ብሬመን
ጳጉሜን 2 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለእትዬ ዙልፋ

አሰላሙ ዓለይኩም። ይህች አጭር ናት፤ እጄ አላርፍ ብሎ ነው።

አለቀ። የተቆረጠልኝን ሥራ ጨርሻለሁ። ትናንት ከዐቃቤ ሕግ ደብዳቤ መጣ። ቅጣቱ ተፈጽሟል፣ የሚፈለግብህ ነገር የለም ይላል። ጋሼ ሞገስ ጮክ ብለው በአማርኛ አነበቡልኝ፤ ሐጂ ሱቃቸውን ዘግተው በግ ጠበሱ፤ ወይዘሮ ኤልፍሪደ ያኔ ያልተበላውን ዓይነት ኬክ ጋግረው መጡና አለቃዬ ብቻውን ግማሹን ጨረሰው። መኖሪያ ፈቃዴም ታድሷል። መንጃ ፈቃዱን መልሼ ለማግኘት ገና ፈተና አለብኝ፤ ፈተናው ከባድ ነው ይላሉ። አልቸኩልም።

ልጅዎ ሱፍዋን


ሸዋ ሮቢት
መስከረም 24 ቀን 2018 ዓ.ም.

ለኩራቴ ለሱፍዋን

ወዓለይኩሙ ሰላም ወረሕመቱላሂ ወበረካቱህ። አላህ የጀመርከውን ያስጨርስህ፤ ለሽማግሌዎችህም ጀነትን ይስጣቸው፤ ለሴትዮዋም ለዶሮዎቿ ዕድሜ ይጨምርላት። ጋሼ ሳልህ ደብዳቤህን ትናንት ከጁምዓ ሰላት በኋላ መስጊድ ደጃፍ ለሰው ሁሉ አነበቡት። ድንጋዩ ጋ ሲደርሱ ከእኔ ይበልጥ የኮሩት እሳቸው ነበሩ። ለብሬመን ሽማግሌዎች ሰላምታ ብለው አስጽፈውኛል፤ የፖላንዱን ሰውዬ ግን ኬክ ላይ ጠንከር ይበል ብለዋል።

እኔ ግን የምነግርህ ሌላ ነው። ከዚያ በፊት፣ ሐሙስ ዕለት፣ የሰፈሩ እናቶች፣ ዱበርቶቹ፣ ለዱዓ እኔ ቤት ተሰበሰቡ። እናቶቹን ታውቃቸዋለህ፤ ሁሉም ልጅ አሳድገው ባሕር ማዶ የሰደዱ ናቸው። ከዱዓው በፊት እንደ ወጉ እየዞሩ "ልጅሽ እንዴት ነው?" ይባባላሉ። ሁሉም "አልሐምዱሊላህ፣ ደህና ነው" ይላሉ። እኔም ያለፈውን ዓመት ሙሉ እንደዚያ ስል ኖሬያለሁ። አንተ ስትታሰርም እንደዚያ ብያለሁ።

የእኔ ተራ ደረሰ። "ልጄ ጠጥቶ መኪና ነድቶ ነበር" አልኳቸው። "ተቀጣ፤ አልከፍል አለ፤ ታሰረ። ከዚያ ድንጋይ ተሸክሞ ይቅርታ ጠየቀ፣ ቅጣቱን በላቡ ጨረሰ። አሁን ደህና ነው። አሁን ስል እውነቴን ነው።"

አንዳንዷ ነጠላዋን ወደ አፏ አደረገች። የሚያፍሩብኝ መስሎኝ ደረቴን ነፍቼ ቀና አልኩ፤ ወላሂ የሚናገረኝ ቢኖር ለጠብ ተዘጋጅቼ ነበር። ማንም አልተናገረኝም። ከጥግ ሙሀባ "የእኔዋ ከጂዳ ከደወለች ዓመት አልፏታል፤ ደህና ናት የምላችሁ ውሸቴን ነው" አለችና አለቀሰች። ከሷ ቀጥላ ሌላዋ ተናገረች። ከዚያ ሌላዋ። ያን ቀን ዱዓው እንዴት እንደሆነ ብነግርህ አታምነኝም፤ እያንዳንዱ ልጅ በስሙ፣ ያለበት ችግር እየተጠራ ነው አሜን የተባለለት።

ሁሉም ሲሄዱ ሐያት ቀረች። ልጇ ሪያድ ነው፤ የታሰረ መሆኑን ከሰው ሰምታለች፤ እሱ ግን ሰው እንዳያውቅብኝ ብሎ ድምፁን አጥፍቷል። እሷ ፊደል አልቆጠረችም። "ለእኔም ልጅ ጻፊለት" አለችኝ። ወረቀት አወጣሁ። ምን ብዬ ልጻፍለት አልኳት።

"ሰው ሁሉ አውቋል በይው" አለችኝ። "አሁን ደውልልኝ በይው።"

አክስትህ ዙልፋ